ግማሽ ዙር

መስከረም 12 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ውሃ በባልዲ ይዤ ሦስት ደርብ ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ሁለተኛው ላይ አንዴ ቆም ብል የጎረቤቴን በር ለማየት ነው። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። የበረዶ ፋብሪካው ፓምፕ ሲያስቸግራቸው አሁንም ሰው ይልኩብኛል፤ ፈትቼ ስገጥመው ትርፍ ብሎን አይተርፈኝም። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ታች ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ "አባት፣ እኔ ልጻፍልዎ" ብሎኝ ነበር። ፊደል የለየሁት ማሽን ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ ቢሆንም ከዘመዴ ጋር የምነጋገርበት አላነሰኝም ብዬ መለስኩት። ስልክ አትደውዪ። አርባ አንድ ዓመት የማሽን ጩኸት ጆሮዬን ስለበላው ስልክ ላይ የሰው ቃል አይለይልኝም።

የላክሽው ገንዘብ ተመልሶ ይመጣልሻል። አትቀየሚ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት የሰው እጅ አይቼ አላውቅም።

የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ልጄ ድምቡሼ የሚሠራበት የዓሣ መርከብ አዲስ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊገባለት ነው አሉ። እኛ ቤት ሆነሽ ስትማሪ ገና ሲድህ "ድምቡሼ" ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ይኸው አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶት፣ እንደ ዘንግ ቀጥኖ፣ መርከበኛው ሁሉ በዚያው ስም ይጠራዋል። ማሽኑን የቀየሰው የአንቺ መሥሪያ ቤት ነው፣ አንቺም ዋናዋ ነሽ አለኝ። ኮርቻለሁ። ግን "አባባ፣ ዓሣው በደንብ ከቀዘቀዘ ማሽኑ በራሱ ድምፁን ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል" ሲለኝ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ድምፁን የቀነሰ ማሽን የታመመ ማሽን መሆኑን ነው።

እስቲ አስረጂኝ። ሥዕል አትላኪ፤ በቃል።

ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

አጎትሽ


ጥቅምት 21 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ቤትዎን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን መሥሪያ ቤት ይዤው ሄጄ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እንዳሉኝ በቃል ላስረዳ። የድሮው ማሽን የሚያውቀው አንድ ጉልበት ብቻ ነው። ዓሣው ትኩስ ሆኖ ሲገባም፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድንጋይ ሆኖ ሲቀመጥም እኩል ይሮጣል። አዲሱ በየክፍሉ ያለውን ሙቀት እየለካ፣ ሥራ ሲበዛ ይፈጥናል፣ ሲበቃው ቀስ ይላል። የባሕር ውሃ የሚስበው ፓምፕም አብሮት ቀስ ይላል። በሙከራችን ለማቀዝቀዣ ከሚሄደው ነዳጅ ሲሶው ተርፏል። ለማየት ትንሽ ነገር ነው፤ እኔን ግን ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ተሳክቶ ከሄደ ሌሎች አራት መርከቦች ተራ ይዘዋል።

እርስዎ የሚያውቁትን፣ ፈሳሹን አሞኒያ የሚያሳልፈውን በእጅ የሚከፈት ቫልቭ አላነሣነውም። ኮምፒውተሩ ጭራሽ ከሞተ መርከቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር ብለን ትተነዋል። ግን በሽቦ አስረን በእርሳስ ብረት አትመንበታል። ምክንያቱም ማሽኑ ቀስ ባለበት ሰዓት እሱ ከተከፈተ ፈሳሹ ሳይተን ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ያኔ የሚሆነውን ለእርስዎ አልነግርም። ማሽን የሚጨምቀው ጋዝ እንጂ ፈሳሽ አይደለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ድምቡሼን በስልክ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "አባባ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ ሲወርድ ግማሽ ዙር ክፈት፣ ካልተነሣ ሌላ ግማሽ ጨምር" አለኝ። አጎቴ፣ እኔን አይሰማኝም። ከእርስዎ አንድ ቃል ይበቃዋል። ዝም ሲል ጤነኛ ነው ይበሉልኝ።

ገንዘቡ ተመልሶ ደርሶኛል። አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል። ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ሰበብ ፈላጊ ነው።

መርከቡ ስለገባ ሄጄ አየሁልሽ። የማሽን ክፍሉ ድሮ ዘይት የሚንጠባጠብበት፣ ግድግዳው ጥቀርሻ የለበሰ ነበር። አሁን ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሆስፒታል መስሏል። ዋናው መካኒክ ጎልማሳ ነው፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ እጅ ነሥቶ ተቀበለኝ። እኔ ካቻቢቴዬን አወጣሁ፣ ጫፉን ማሽኑ ላይ አሳርፌ እጀታውን ከጆሮዬ በስተኋላ አጥንቴ ላይ ደገፍኩት። በዚያ መንገድ ከሆነ አሁንም እሰማለሁ።

"አባት፣ እሱኮ ሁሉም እዚህ ስክሪን ላይ ይታያል" አለኝ።

"አንተ እየው፤ እኔ ልስማው።"

ድምቡሼ ከኋላ ሆኖ "ተወው፣ ጉንፋን ይዞት እንደሆነ እየመረመረልን ነው" አለ። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ጥሩ ማሽን ነው። አልዋሽሽም፤ የብረቱ ድምፅ ንጹሕ ነው። ግን አንድ አሥር ደቂቃ እንደሄደ ድምፁ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ጉርምርምታ ሆነ።

"ሞተ እኮ!" አልኩ።

"አልሞተም አባት፣ አረፈ።"

"ማረፍማ ሚስቴም አርፋለች" አልኩት። ይህችን እንኳ አልሳቀባትም።

ከዚያ ሻይ ላምጣልዎ ብሎ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው። እኔና ድምቡሼ ብቻችንን ቀረን። አንቺ በልልኝ ያልሽውን አልኩት ወይ ብትይ፣ አባት ለልጁ የሚለውን አልኩት። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ባሕር ላይ ያለው እሱ ነው፤ ሰው ባሕር መሐል እጁ ታስሮ አይቀመጥም።

ያ ስክሪን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ ጌጅ አንድ ግዢልኝ። ዋጋውን እልካለሁ።

ውሎሽን ያሳምርልሽ።

አጎትሽ


ጥር 24 ቀን

የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ አልጽፍም።

ማሽንሽ ፈነዳ። ከወደብ በወጡ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ድምቡሼ ብቻውን እላዩ ላይ ቆሞ ነበር። አሞኒያው ፊቱ ላይ ተተፋበት። ጎትቶ ያወጣው ዋናው መካኒክ ነው፤ እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ጠምጥሞ ገብቶ። ሌላ መርከብ እስኪያመጣቸው ሁለት ቀን ፈጀ። ዓሣው ሁሉ ሸትቶ ባሕር ላይ ተደፋ ብለው ወደብ ላይ የሚያወሩት ስለ ዓሣው ነው።

ሐኪሙ ግራ ዓይኑን ተዉት አለኝ። ቀኙን እናያለን አለ። ምኑን ነው የሚያየው?

ጸጥ ያለ ማሽን አልሽኝ። ይኸው ጸጥ አለ።

ለዓይኑ የሚያስፈልገው ጠብታ እዚህ አይገኝም፤ ካንቺ አገር ነው የሚመጣው። የመለስኩልሽን ገንዘብ መልሰሽ ላኪው። ጌጁን ተዪው።

አጎትሽ


የካቲት 8 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ማርያም ማርያም እያልኩ ነው የከረምኩት። ድምቡሼን ታቅፌው እንደ ልጅ ደረጃ ላይ ስወርድ በሕልሜ አያለሁ።

ጠብታውን ለስድስት ወር የሚበቃ በዚህ ሳምንት ልኬያለሁ። ገንዘቡም አብሮ አለ። እባክዎ አይመልሱት።

መርማሪዎች ወደ እናንተ ወደብ መጥተዋል። እኛም ዘንድ እየጠየቁ ነው። የመርከቡ ኮምፒውተር ተበላሽቷል፤ በሳተላይት ይደርሰን የነበረው የማሽኑ መዝገብ ግልባጭ ግን አለ። የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። የዚያን ቀን ማሽኑ ቀስ ብሎ በጤና ይሠራ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ፈሳሹ በድንገት በዛ። ደወል ጮኸ። ደወሉ እየጮኸ እንደገና ጨመረ። ሁሉም በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ኅዳር ላይ ወደ ማሽኑ ክፍል ሲገቡ የቫልቩን ማኅተም አይተውት ነበር? ሽቦው በቦታው ነበር?

የጠየቅሁት እርስዎን ብቻ ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 2 ቀን

የእህቴ ልጅ፣

ጠብታው ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ።

ድምቡሼ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ጋ ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለውን አልጋ ሰጥቼዋለሁ። በቀኝ ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ ሰው ሲያልፍ ጥላው ይታየዋል። ደረጃውን በእግሩ ቆጥሮ ለምዶታል፤ አርባ ሦስት ነው አለኝ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ስኖርበት አልቆጠርኩትም። መርማሪዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው አነጋግረውት ሄደዋል። እኔን ውጣ አሉኝ።

አንድ ነገር አስቸግሮኛል። የቤታችን ትንሿ ፍሪጅ ሞተሯ ሲያቆም፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ድምቡሼ ብድግ ይላል። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አየር ላይ ያዞራል። ግማሽ ዙር። ከዚያ የት እንዳለ ትዝ ሲለው ይቀመጣል። ፍሪጇን ነቀልኳት። ወተቱ ይበላሽ።

ማኅተሙን አይተውት ነበር ወይ ላልሽው፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ሽማግሌ ምን ያያል። ስለዚህ ነገር ደግመሽ አትጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። የምጽፈው ስላልተገኘልኝ ነው። ጤናችሁን እየለመንኩ ነው የቆየሁት።

አራቱም መርከቦች አዲሱን ማሽን አንፈልግም ብለዋል። አንደኛው የገባለትን አስወልቆ አሮጌውን መልሷል። ወደባችሁ ላይ "የሚገድል ማሽን" ተብሎ ወሬው እንደተዛመተ ሰማሁ። ከማን አፍ እንደተነሣ አልጠይቅም። እኔ ከቦታዬ ተነሥቼ ታች ያለ መዝገብ ቤት ውስጥ የድሮ ፋይል እየለየሁ ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ሥራ ሥራ ነው።

የዋናውን መካኒክ ነገር ግን ልንገርዎ። መርማሪዎቹ ማኅተሙ ተቆርጦ አግኝተውታል። ቫልቩ በእሱ ኃላፊነት ሥር ስለሆነ የሙያ ፈቃዱን ይዘውበታል። እሱ አልቆረጥኩም ይላል። ድምቡሼ ደግሞ ማን እንደቆረጠው አላውቅም፣ ቫልቩንም አልነካሁም ብሎ ፈርሟል።

ያ የሳተላይቱ ግልባጭ፣ አራቱ ደቂቃ ያለበት ወረቀት፣ እኔ ጋ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ። ባሳየው ማሽኑ ነፃ ይወጣል፣ እኔም እወጣለሁ። ግን ቫልቩ በሰው እጅ መከፈቱ ይታወቃል። ያኔ ድምቡሼ በሐሰት ፈርሟል ይባላል፣ ካሳውንም ያጣል። ዓይኑን ያጣ ሰው እንጀራውንም በእኔ እጅ አያጣም ብዬ እስካሁን ደብቄዋለሁ። እትዬ በሕይወት ብትኖር እንደዚያ አድርጊ የምትለኝ ይመስለኛል። ቤታችሁ ስገባ አንድ ፌስታል ልብስ ብቻ ይዤ ነበር፤ ከድምቡሼ ለይታኝ አታውቅም።

ለወሩ መጨረሻ ውሳኔ ይሰጣሉ። መካኒኩ ሦስት ልጆች አሉት።

ምን ላድርግ አጎቴ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ዛሬ የእህቴ ልጅ አልልሽም።

ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ድምቡሼ "አንብብልኝ አባባ" አለኝ። ድሮ አንቺ ስትጽፊ የሚያነብልኝ እሱ ነበር። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እየተንገታገትኩ አነበብኩለት። ሰላምታውን፣ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ መዝገብ ቤቱ። መካኒኩ ጋ ስደርስ አየሁት የሚመጣውን። ዘለልኩና ስለ እትዬሽ ያለው ላይ ገባሁ።

"ዘለልክ" አለኝ።

"ፊደሉ ጠፍቶኝ ነው።"

"አልጠፋህም። ያንን ቃል ከፊደል ሁሉ አስቀድመህ ነው የተማርከው። ቫልቭ ነው።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝና፣ ሊያነበው እንደማይችል እያወቀ፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ዳሰሰው።

"ማን ቆረጠው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?" አለኝ። "አባቴ ነው ልበል? ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሰውየው ሻይ ሊያመጣለት ሲወጣ ቆረጠው ልበል?"

እንግዲህ ልንገርሽ። ኅዳር ላይ ያልጻፍኩልሽ ይህ ነው። ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እርሳሱን ኪሴ ከተትኩት። "ይህቺ ልጅ ወረቀት ነው የምታውቀው፤ ድምፁ ከወረደብህ እንደነገርኩህ አድርግ" አልኩት። እጁን ይዤ ቫልቩ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ ሰውየው ሻዩን ይዞ መጣ፣ ሁለት ስኳር ጨምሮበታል፣ ተቀምጬ ጠጣሁት።

ድምቡሼ የዚያን ቀን ያደረገው የተማረውን ነው። ድምፁ ወረደ፣ ግማሽ ዙር ከፈተ። ደወሉ ሲጮህ ማሽኑ የባሰበት መሰለው፣ ሌላ ግማሽ ጨመረ። "ትክክል ነበርኩ አባባ?" ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚያ ድረስ እንኳ አላመነም ልጄ፤ እኔ እሳሳታለሁ ብሎ አላሰበም። እኔ ግን ኦክስጅን ላይ ተኝቶ ባየሁት ቀን ነው ያወቅሁት። አውቄም ማሽንሽ ፈነዳ ብዬ ጻፍኩልሽ። አውቄም ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቁጭ ብዬ "የሚገድል ማሽን" አልኩ። ወሬው ከማን አፍ እንደተነሣ ያልጠየቅሽው አውቀሽ ነው።

በማግስቱ ወደብ ሄድኩ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ነገርኩት። በጽሑፍ ያምጡልኝ አለኝ፣ ማክሰኞ እሰጠዋለሁ። ጸሐፊዋ ትጻፍልዎ ቢለኝ እምቢ አልኩ። እርሳሱንና ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "አባት፣ ይህ እስራት ሊያመጣብዎ ይችላል" አለኝ። ሦስት ደርብ እወጣለሁ፣ እስር ቤት ምድር ላይ ነው አልኩት።

አንቺ ወረቀቱን አውጪ። አትደብቂ። ካሳው ከቀረ ይቅር። ድምቡሼም ማክሰኞ አብሮኝ ይመጣል፤ የፈረመውን ሊያነሣ ነው። እኔ አላስገደድኩትም፤ ከመርማሪው ስመለስ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

አሁን ስሚኝ። ገንዘብ እንዳትልኪ፣ ሰው እንዳትልኪ፣ አንቺም ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ያለብኝ ዕዳ የራሴ ነው፣ እኔው እወጣዋለሁ።

ለዋናው መካኒክ ቤቱ ሄጄ፣ ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት፣ ሻይህን ጠጥቼ ፈቃድህን አስወሰድኩብህ እለዋለሁ። ቢያባርረኝ ደግሜ እሄዳለሁ።

ለመሥሪያ ቤትሽ አለቃ በዚሁ ፊደሌ እጽፍለታለሁ። ማሽኑ ጤነኛ ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ እለዋለሁ። መዝገብ ቤት ያስቀመጣት ሴት ስድስት ዓመት የለፋችበትን ያበላሸው የገዛ አጎቷ ነው እለዋለሁ።

ለአራቱ መርከቦች ባለቤቶች አንድ በአንድ። የበረዶ ፋብሪካው ሰዎች፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተራ የሚጠብቀው ሁሉ፣ ያንን ወሬ ከእኔ የሰማ ሁሉ፤ ለእነሱ ቆሜ እናገራለሁ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አይደለም።

ለአንቺ በጥር የጻፍኩት አለ። እሱን ቅደጂው አልልሽም፤ አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ስትመጪ ፊት ለፊትሽ አንብቤው ይቅርታ እጠይቅበታለሁ።

ለድምቡሼ ያለብኝ ግን በምንም አይወጣም፤ ዓይን በምን ይከፈላል? አንድ ነገር ግን አለ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አላውቅም የምትለውን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። ነገ ጠዋት ጠብታውን ሳደርግለት፣ ስለ አዲሱ ማሽን አላውቅም ነበር፣ የማላውቀውን ነው ያስተማርኩህ እለዋለሁ።

አጎትሽ